የተጠገነ ራዲያተር ወደ አሮጌ መኪና ሲመለስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ላዳ፣ ፊያት 124፣ ፔጆ 404 ወይም የድሮ ላንድሮቨር ይዞ የሚኖር ሰው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የሙቀት መለኪያው ቀስት ወዴት እንደሚያዘነብል ሳይነገረው ያውቃል። የእነዚህ መኪኖች ራዲያተር ከመዳብና ከነሐስ ተሠርቶ በቆርቆሮና በእርሳስ ቅልቅል የተበየደ በመሆኑ፣ እንደ ዛሬዎቹ ባለ ፕላስቲክ ራዲያተሮች ሲበላሽ የሚጣል ሳይሆን ተፈትቶ፣ ተጠርጎና ተበይዶ ደጋግሞ ወደ ሥራ የሚመለስ ነው። ከበያጁ ቤት ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ሲያፈስ ወቀሳው ሁሉ በበያጁ ላይ ይወርዳል፤ በእኔ ግምት ግን ከእነዚህ ወቀሳዎች አብዛኞቹ ለገጠመው መካኒክ ወይም ለባለመኪናው የሚገቡ ናቸው። (የቮልስ ባለቤቶች ሞተራቸው በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ናቸው።)

ሳይፈትኑ መረከብ

ራዲያተሩን ከመረከብዎ በፊት በያጁ አፎቹን ደፍኖ፣ በውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ አጥልቆና አየር ሞልቶ ሲፈትነው በዓይንዎ ይመልከቱ። የአየሩ ግፊት በመኪናው የራዲያተር ክዳን ላይ ከተጻፈው መጠን ብዙም ማለፍ የለበትም፤ የጎማ መንፊያ ቱቦ ሰክቶ ያለ መለኪያ መንፋት ደኅናውን ብየዳ ይሰነጥቃል። ከታች ያለችው ትንሽ የማፍሰሻ ቧንቧም አብራ ትፈተን፤ ራዲያተሩ ከታሰረ በኋላ እርሷን መቀየር አስቸጋሪ ነው። ለብየዳ የሚቀባው አሲድ በደንብ ካልታጠበ ነሐሱን ቀስ በቀስ ስለሚበላ፣ ውስጡም ውጪውም በብዙ ውኃ ይለቅለቅ። ቀለም ካስፈለገ ስስ ጥቁር ይበቃል፤ ወፍራም ቀለም በስስ ቅጠሎቹ መካከል የሚገባውን አየር ያግዳል፣ ሙቀቱንም ያፍናል።

የጸዳ ራዲያተር ካልጸዳ ሞተር ጋር ማገናኘት

በሞተሩ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመው ዝገትና ዝቃጭ ውኃው መዞር እንደጀመረ ተጠርጎ የሚያርፈው አሁን በተጠረጉት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ በያጁ ዘንድ ሳለ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ክፍል) አውጥቶ፣ ከላይ በኩል የቧንቧ ውኃ ለቅቆ፣ ከታች የሚወጣው እስኪጠራ ድረስ ሞተሩን ማጠብ ይገባል። የካቢን ማሞቂያው ቱቦም አይረሳ።

ራዲያተሩን ያለ ጎማ አጥብቆ ማሰር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ የሚያስከትለው ጉዳት ወዲያው ስለማይታይ ማንም ከምክንያቱ ጋር አያገናኘውም። የቆርቆሮና እርሳስ ብየዳ ለስላሳ ነው፤ ውኃ ይይዛል እንጂ ጭነት አይሸከምም። የመኪናው ፋብሪካ በራዲያተሩ መቀመጫና በብሎኖቹ ሥር ጎማ ያደረገው፣ የመኪናው አካል በጉድጓድና በኮብልስቶን ላይ ሲጣመም ራዲያተሩ አብሮ እንዳይጣመም ነው። ጎማው ከዓመታት በኋላ ደርቆ ሲበጣጠስ ግን መካኒኩ ይጥለውና ብረት በብረት ላይ ያስራል፤ እንዳይነቃነቅ ብሎም ባለ በሌለ ኃይሉ ያጠብቃል። ከዚያ በኋላ በየፍጥነት መቀነሻው ላይ የሚደርሰው ምት በቀጥታ በላይኛውና በታችኛው ታንክ ጠርዝ ላይ ባለው ብየዳ ላይ ያርፋል፤ ብየዳውም ልክ በዚያ መስመር ይከፈታል።

የፋብሪካው ጎማ ካልተገኘ፣ ከአሮጌ ካለማዳሪ ተቆርጦ ሁለት ሦስት ድርብ የተደረገ ቁራጭ ከሰፊ ሮንዴላ ጋር በቂ ሥራ ይሠራል። ብሎኖቹ ሁሉ በመጀመሪያ በእጅ ይያዙ፤ ራዲያተሩ ሳይገፋ በራሱ ቦታ መቀመጡ ከታየ በኋላ ብቻ በየተራ ይጥበቁ። ቀዳዳው አልገጥም ካለ ቀዳዳውን ማስፋት እንጂ ራዲያተሩን በካቻቢቴ እየገፉ ማስገደድ አይገባም። የጠፋን ብሎን በረዘመ ብሎን መተካትም አደገኛ ነው፤ ትርፉ ርዝመት በቀጥታ ወደ ቱቦዎቹ የሚገባባቸው መኪኖች አሉ።

የቬንቲላተሩን ክንፍ መርሳት

በሚገጠምበት ጊዜ በራዲያተሩና በቬንቲላተሩ መካከል አንድ ወፍራም ካርቶን ማቆም የብዙ ሰዓት ሥራን ያድናል፤ ስስ ቅጠሎቹን አንድ የክንፍ ጫፍ ቢነካቸው ይተኛሉና። ከገጠሙ በኋላ በክንፉና በራዲያተሩ መካከል ቢያንስ የሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መኖሩን ይመልከቱ። ሞተሩን የሚሸከሙት ጎማዎች የላሉ ከሆነ፣ ቆሞ ሲለካ በቂ የነበረው ክፍተት በድንገት ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። በክንፉ ዙሪያ የነበረ የቆርቆሮ ከለላ ካለም ይመለስ፤ መኪናዋ በባጃጆች መካከል በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ) ስትቆም አየሩ በራዲያተሩ ውስጥ እንዲያልፍ የሚያስገድደው እርሱ ነው።

ጎማና ፋሸታ

የደረቀ የራዲያተር ጎማ (ውኃውን የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ) ሲጠመዘዝ የነሐሱን አፍ ከብየዳው ይነቅላል፤ ስለዚህ ቢቆረጥ ይሻላል። በአፉ ጫፍ አካባቢ ከፍ ያለች ቀለበት አለች፤ ፋሸታው (ጎማውን በአፉ ላይ የሚያጠብቀው ማሰሪያ) ከዚያች ቀለበት ወደ ውስጥ ይቀመጥ። በራሷ በቀለበቷ ላይ የተቀመጠ ፋሸታ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ግፊት ሲመጣ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ ደግሞ ቀጭኑን ነሐስ ያጨማድዳል። በአንዳንድ መኪኖች የታችኛው ጎማ ውስጥ የብረት ስፕሪንግ አለ፤ ሞተሩ ሲፈጥን ፓምፑ በሚስበው ኃይል ጎማው እንዳይጨፈለቅ ስለሚከላከል ወደ አዲሱ ጎማ ይዛወር።

ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል

«በዚህ ሙቀት ቴርሞስታት ምን ያደርጋል?» የሚለውን ንግግር በየጋራዡ ይሰማሉ። ሦስት አፍ ያለው የላዳ ቴርሞስታት ውስጡ ተነቅሎ ከወጣ፣ ከሞተሩ የሚወጣው ሙቅ ውኃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ፓምፑ ይመለሳል፤ ማለትም ሙቀትን ለመቀነስ የተደረገው ነገር ራሱ ሙቀትን ይጨምራል። በሌሎችም ሞተሮች ቢሆን፣ ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል።

ሥራውን የሚጠራጠሩ ከሆነ ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለው ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ያፍሉት። እዚህ ላይ ግን አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደምትገኝና ውኃ በ95 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ያስታውሱ። በ82 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት በዚህ ድስት ውስጥ በደንብ ሲከፈት ይታያል፤ በ88 የሚጀምረው ግን እስከ መጨረሻው ላይከፈት ይችላል፤ ይህ የቦታው ከፍታ ጉዳይ ስለሆነ ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት።

ማንኛውንም ክዳን መግጠም

በመለዋወጫ ሱቆች በቀላሉ የሚገኘው የጃፓን መኪና ክዳን ብዙውን ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ነው። በርካታ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ መኪኖች ግን ለ0.5 ባር ያህል ግፊት የተሠሩ ናቸው፤ ክዳኑ እጥፍ ግፊት ሲይዝ የሚከፈተው የተጠገነው ብየዳ ነው። በተቃራኒው ግፊት የማይይዝ የላላ ክዳን ውኃውን በ95 ዲግሪ እንዲፈላ ይተወዋል፤ ጤናማው የ0.5 ባር ክዳን ግን የመፍያውን ደረጃ ወደ 108 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል።

ያገኙትን ውኃ መሙላት

የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ይበዛበታል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውኃ የተሻለ ነው፤ የባትሪ አሲድም በዚያው መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ግን ጽሑፉን ሳያነቡ አይውሰዱ። አዳማ በረዶ የለም ተብሎ ኩላንት መተው የለበትም፣ ዝገትን የሚከለክለው እርሱ ነውና፤ ከሲሶ እስከ ግማሽ ድረስ ይደባለቅ። ቀለሙ ስለ ዓይነቱ ምንም አያረጋግጥም። ለመዳብና ለእርሳስ ብየዳ የሚስማማ መሆኑ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ይምረጡ። እንቁላል ወይም ፍሳሽ ይደፍናል የሚባል ዱቄት ግን አዲስ በተጠረገ ራዲያተር ውስጥ ምንም ሥራ የለውም።

ቸኩሎ ሞልቶ መክደን

የካቢን ማሞቂያው ቧንቧ ተከፍቶ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ዳገት ተደርጎ፣ ውኃው በቀጭኑ ይጨመር። ከዚያም ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ፤ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የላይኛው ጎማ እስኪግልና የአየር አረፋው እስኪያበቃ ይጠበቅ፤ ክዳኑም ውኃው በኃይል መፍላት ሳይጀምር ይዘጋ። የሙቀት መለኪያው ጫፍ አየር ውስጥ ከቀረ ቀስቱ ዝቅ ብሎ እያሳየ ሞተሩ ሊያፈላ ይችላል። የተለየ የውኃ ማጠራቀሚያ በሌላቸው መኪኖች ደግሞ ከአፉ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ተደርጎ ይተው፤ እስከ አፍ የተሞላው ሲሞቅ ተስፋፍቶ በትርፍ ቱቦው ይወጣል፣ ባለቤቱም ፈሰሰ ብሎ ይደነግጣል።

በመጀመሪያው ቀን ወደ አዲስ አበባ መውጣት

የፍጥነት መንገዱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከአዳማ በብዙ መቶ ሜትሮች ከፍ ስለምትል ጉዞው በጠቅላላው ዳገት ነው ማለት ይቻላል። አስቀድመው በከተማው ውስጥ ይንዱ፣ ሌሊቱን አሳድረው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፋሸታዎቹን ደግመው ያጥብቁ፣ የቺንጋውንም (የማዞሪያ ቀበቶውን) ውጥረት ይመልከቱ። ሞተሩ ቢግል ክዳኑን አይክፈቱ፣ ቀዝቃዛ ውኃም አይድፉበት፤ የጋለ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በጠዋት በጠዋት የውኃው መጠን እየቀነሰ ከተገኘና በውጭ በኩል የሚያፈስ ቦታ ካልታየ፣ ችግሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ስለሚችል ራዲያተሩን ዳግም ከማስፈታትዎ በፊት እርሱን ያስመርምሩ።