ባቲ ያወጣኝ ብሉዝ

ደሴ ፒያሳ ጊታር ይዤ የወጣሁ ሰሞን ዞር ብሎ የሚያየኝ አልነበረም። ባለ 12 ባር ብሉዜን (በ12 የምት ክፍል እየዞረ የሚደጋገም የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) የባጃጅ ጡሩምባ ይውጠዋል። መጀመሪያ ከአስፋልቱ ዳር ሸሽቼ የተዘጋ ሱቅ ግድግዳ ተጠጋሁ። ትንሽ ተሻለ።

ዋናው መላ ግን ባቲ፣ ያ የኛው የሙዚቃ ቅኝት ሆነ። የባቲ ሚነርና የብሉዝ ሚነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ ስኬል) አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው፤ ከኤ ድምፅ ከተነሳን ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። (ይሄን ሳላውቅ ስንት ወር ለፋሁ!) አሁን በባቲ እጀምራለሁ፤ አውራ ጣቴ ወፍራሙን ክር ሳያቋርጥ ይመታል። ጆሮ ሲለምድ ሲ ላይ ክሩን ገፋ አደርገዋለሁ። ድምፁ ትንሽ ጎበጥ ሲል ብሉዝ ሆነ ማለት ነው።

ጀበና ቡና የሚሸጡ እናት «ልጄ፣ ይሄማ የኛው ነው» አሉኝ። ብርዱ የጊታሩን ክሮች ቅኝት ስለሚያዛባው ግን በየሁለት ዘፈኑ እቃኛለሁ።