«ይሄ ብረት የምን ነው?» የማይታወቅ የድሮ የጭነት መኪና ዕቃ እንዴት ይለያል

ከቃሊቲ ተነስታችሁ በአቃቂ በኩል ወደ ገላን ስትወጡ በየመንገዱ ዳር ያሉት ጋራዦችና የብረት ክምሮች ውስጥ የሌለ ነገር የለም። የድሮው የአሰብ መንገድ ነው፣ ኤንትሬው (የጣሊያኑ ፊያት 682 የጭነት መኪና) ከነተሳቢው ሲመላለስበት የኖረ። እና አንድ ቀን ግራሶና አፈር የጠገበ ከባድ ብረት እጃችሁ ይገባል። ከቆራሌው ገዝታችሁት ወይም ከአባታችሁ ጓሮ አውጥታችሁት ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ሰው ወዲያው ፎቶ ያነሳና «የምን መኪና ነው?» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ «ምን ሲሠራ ነበር?» በሉ ባይ ነኝ።

እዚህ አገር ብዙ የቆየ የጭነት መኪና ተዳቅሏል። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከአንዱ፣ ዲፈረንሻሉ ከሌላው፣ ሞቶሪኖው (ሞተር ማስነሻው) «ይሄ ይገጥማል» ተብሎ የገባ፣ ቡሹ (ዘንግ የሚገባበት ቀለበት) ደግሞ ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት የተሠራ። ስለዚህ ዕቃው የወጣበትን መኪና ብታውቁ እንኳ ዕቃውን አወቃችሁት ማለት አይደለም። ደግሞ የመኪናው ስም ብቻውን ብዙ አይነግርም። ፊያት 682 እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1988 ድረስ ሲመረት የኖረ መኪና ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ስንት ነገር እንደተቀየረ አስቡት።

በቅድሚያ እጠቡት። ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩትና በፕላስቲክ ብሩሽ ፈትጉት። ግራይንደር አታስጠጉበት! በመምቻ ብረት የተመታ ቁጥር ጥልቀቱ አንዳንዴ ከወረቀት ውፍረት አይበልጥም፣ አንዴ ከተፋቀ አለቀ። ሁለት ነገር ላይ ግን ተጠንቀቁ። የድሮ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው) ዲስክ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ አቧራው ለሳንባ መርዝ ነው፤ አርጥባችሁ ጥረጉት እንጂ በኮምፕሬሰር አትንፉት። ሁለተኛው፣ ሁለት ጣሳ የተደራረበ የሚመስል የአየር ፍሬን ቻምበር ካገኛችሁ ፈጽሞ አትፍቱት። ውስጡ የታመቀ ትልቅ ሞላ አለ፤ ክዳኑ ሲላቀቅ ሰው ይገድላል። እሱን ለሚያውቅ ባለሙያ ተዉለት።

ከታጠበ በኋላ ቁጥር ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት የተበላበትን ቦታ እዩ። የሚያብለጨልጭ ቀለበት ካለ እዚያ ላይ የሆነ ነገር ይሽከረከር ነበር፣ ምናልባትም ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ወይም የዘይት ጎሚኒ። ክብ የነበረ ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ ፒን ወዲያ ወዲህ ሲያንገላታው ኖሯል፤ የባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ ሞላ)፣ የፔዳል ወይም የማርሽ ማያያዣ ዘንግ ዕቃ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ሰማያዊ የሆነ ብረት ሙቀት አይቷል፣ ብዙውን ጊዜ ፍሬን ወይም ፍሪሲዮን ነው። የውስጥ ቦዩን በባትሪ እዩት፦ ነጭ ወይም ቡናማ ቅርፊት ከያዘ ውሃ ያልፍበት ነበር፣ ጥቁር ሽፋን ከሆነ ዘይት። ጥርስ ያለው ዕቃ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ የት ላይ እንደተበላ ልብ በሉ። ሲንክሮ (ማርሽ ከመግባቱ በፊት የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስተካክል ዕቃ) የሌላቸው የድሮ ካምቢዮዎች ማርሽ ሲገባ ጥርስ ከጥርስ ስለሚጋጭ የጥርሱ ጫፍ ይሸራረፋል። ሆዱ ብቻ ከተበላ ሁልጊዜ ተያይዞ የሚዞር ጥርስ ነው። ይሄን ያህል ከገባችሁ ቁጥር ባይኖር እንኳ ዕቃው የየትኛው ክፍል እንደሆነ ተቀራርባችኋል።

ማግኔት አስጠጉበት። ካልያዘው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ ማለትም ሽፋን፣ የፖምፓ ገላ ወይም የካምቢዮ ቤት። ከያዘው ጎኑ ላይ ያለውን የሻጋታ መስመር ፈልጉ። ቀጭን መስመር ከሆነ ቀልጦ ሻጋታ ውስጥ የፈሰሰ ነው፣ ሰፊ ቀበቶ የመሰለ ከሆነ ግን ግሎ የተቀጠቀጠ ብረት ነው። የተቀጠቀጠ ብረት ጭነት የሚችል ቦታ ላይ ነው የሚገባው፣ እንደ መሪ ክንድ ያለ። እንዲህ ዓይነቱ ከተሰነጠቀ በብየዳ አታድኑት።

ልኬት ላይ ካሊፐር (ውፍረትና ቀዳዳ በሚሊ የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋል። የብሎኑ ውፍረት 12 ሚሊ አካባቢ ከሆነ ሜትሪክ ነው፣ 12.7 ካለ ግማሽ ኢንች። የብሎን ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 ከተጻፈ ሜትሪክ፣ ሦስት ወይም ስድስት ጭረት ካለው የአሜሪካ ደረጃ ነው። የድሮ የእንግሊዝ ዊትዎርዝ ጥርስ ደግሞ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው፣ የሌሎቹ 60። ዳዶው ሁለት ዙር ሄዶ ከያዘ በቁልፍ አታስገድዱት፣ ቋንቋቸው ለየቅል ነው።

ኩሽኔታ አብሮት ካለ ዕድለኛ ናችሁ። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ዓለም አቀፍ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች (ከ04 ጀምሮ) በ5 ስታባዙ የውስጥ ቀዳዳው ይወጣል። 6308 ማለት ውስጡ 40፣ ውጩ 90፣ ውፍረቱ 23 ሚሊ። መኪናው ምንም ይሁን ኩሽኔታው ይገኛል።

አሁን ቁጥሩ። ጠመኔ ቀቡበትና ባትሪውን ከጎን አብሩ፤ ወይም ወረቀት አስደግፋችሁ በእርሳስ ፈትጉት። ከብረቱ ላይ ጎልቶ የወጣው ቁጥር የሻጋታው ነው። አንድ ሻጋታ የሚያወጣው ብረት በኋላ ሲሞረድ ሁለት ሦስት የተለያየ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል እሱን ይዛችሁ ብቻ አትግዙ። በመምቻ ብረት ተመትቶ ወደ ውስጥ የገባው ቁጥር ይበልጥ ይታመናል።

በጣም የምወደው የሶቪየቶቹን ነው፣ ያለ ካታሎግ ይነበባል። መጀመሪያ የሞዴሉ ቁጥር ይመጣል፣ 130 ወይም 131 ዚል፣ 375 ወይም 4320 ኡራል። ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች ክፍሉን ይናገራሉ፦ 10 ሞተር፣ 13 ማቀዝቀዣ፣ 16 ፍሪሲዮን፣ 17 ካምቢዮ፣ 24 የኋላ አክስል፣ 34 መሪ፣ 35 ፍሬን፣ 37 ኤሌክትሪክ። 130-1701 ብሎ የሚጀምር ካገኛችሁ የዚል 130 ካምቢዮ ዕቃ ይዛችኋል፣ በቃ። መርሴዲስ ላይ ኤ (A) የምትለው ፊደልና አሥር አሃዞች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 352 ከሆኑ ለኦኤም 352 ሞተር ተብሎ የወጣ ነው።

ቦሽ፣ ሉካስ ወይም ማኜቲ ማሬሊ የሚል ስም ብታዩ ግን የመኪናውን አገር አገኘሁ አትበሉ። እነሱ ለብዙ ፋብሪካ ነው የሚሸጡት። የቦሽ የናፍጣ ፖምፓ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳህን ግን አንብቡ፦ ፒኢኤስ 6 ኤ 80 (PES 6 A 80) ብሎ ከጀመረ 6ቱ የሲሊንደር ብዛት ነው፣ 80ው የፒስተኗ ውፍረት 8 ሚሊ መሆኑን ነው የሚለው።

ይሄን ሁሉ ይዛችሁ ነው ሶማሌ ተራ፣ የአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ መሄድ። «የኤንትሬ ነው መሰለኝ» ብሎ የገባ ሰው የተሰጠውን ይዞ ይወጣል። ቁጥሩን፣ የቀዳዳዎቹን ርቀት፣ የጥርሱን ብዛትና ከሁለት ጎን የተነሳ ፎቶ አሳዩ፤ ከተቻለ ብረቱን ራሱን። ገበያ ላይ ከጠፋ ቶርኖ ቤት ይሠራላችኋል፣ ግን ባለሙያው የሚለካው ካልተበላው ቦታ ነው። ስለዚህ ስብርባሪውን ሁሉ ሰብስባችሁ ውሰዱለት፣ የሚገጥምበትንም ዘንግ ጨምራችሁ።