የጥንት ድንጋይ ከየት ካባ እንደወጣ በአይሶቶፕ እንዴት ይታወቃል?

የጎጃም ደጋ አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው። በአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተጠረበ ነጭ ድንጋይ ሲያጋጥም «አገሩ የት ነው?» ማለት አይቀርም። ከደጀን ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ የኖራ ድንጋይ አለ። ከዚያ ይሁን ከሌላ ቦታ፣ በድንጋዩ ውስጥ ያለው የካርቦንና የኦክስጅን አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር ሆነው ክብደታቸው የሚለያይ አተሞች) መጠን ፍንጭ ይሰጣል።

መጀመሪያ ፈቃድ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ዝም ብሎ አይነካም። የቅርስ ባለሥልጣንንም ቤተ ክርስቲያኑንም ጠይቁ።

ቀጥሎ በወደቀ ስባሪ ላይ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርጉ። ከፈላ ካርቦኔት ነው፣ እንደ ኖራ ድንጋይ ያለ፤ ቀጥሉ። ጥቁር ድንጋይ አይፈላም፤ ይህ ዘዴ ለእሱ አይሆንም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ናሙና መውሰድ። እኔ የመጀመሪያውን ከግድግዳው ፊት ፍቄ ወሰድኩ። ውጤቱ ሲመጣ ካርቦኑም ኦክስጅኑም ከካባው ናሙናዎች ሁሉ እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ግራ ገባኝ። ለካ የፋቅሁት ድንጋዩን ሳይሆን የጥንት የኖራ ልስን ነበር! ኖራ ሲደርቅ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ የራሱን ምልክት ይይዛል። ገንዘቡም ጊዜውም ባከነ።

ተመልሼ ስሄድ መምሬ «ልጄ፣ ግድግዳውን ተወው፤ ከጓሮ የወደቀ አለልህ» አሉኝ። ስባሪውን ሳገላብጠው ላዩ ቡናማ ቅርፊት፣ ውስጡ አመድማ ነጭ ነው። የሚፈለገው ውስጡ ነው። ዝናብና በላዩ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት የላዩን ኦክስጅን ይለውጡታል። ቅርፊቱን አንሱ፤ የመጀመሪያውን ዱቄት ድፉት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰብስቡ። መሰርሰሪያው በዝግታ ይዙር። መዶሻ አልወድም፣ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። 50 ሚሊግራም ይበቃል፤ ማሽኑ የሚፈልገው ከ1 ሚሊግራም በታች ነው። የመሰርሰሪያውን ጫፍ በየናሙናው መካከል አጽዱ።

ከካባውም ውሰዱ፣ ከተለያየ ንብርብር፣ ቢያንስ አሥር። አንድ ናሙና ካባን አይወክልም።

ቤተ ሙከራው ዱቄቱን በፎስፈሪክ አሲድ ወደ ጋዝ ለውጦ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም አይሶቶፖችን በክብደታቸው በሚለይ ማሽን፣ ይለካል። እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ እንዲለካ ጠይቁ። ካርቦኑን በአንድ መስመር፣ ኦክስጅኑን በሌላው አድርጋችሁ ግራፍ ሥሩ። ሃርመንና ቫለሪ ክሬግ በ1972 እ.ኤ.አ. የግሪክን እብነ በረድ የለዩት በዚህ መንገድ ነው።

ነጥባችሁ ከካባው ክልል ርቆ ከወደቀ፣ ድንጋዩ ከዚያ አልመጣም ለማለት ጥሩ መሠረት አላችሁ። ውስጡ ከወደቀ ግን አትቸኩሉ። በባሕር ሥር የተሠሩ የኖራ ድንጋዮች ቁጥራቸው ይቀራረባል። የእኔም ሁለተኛ ናሙና ከአባይ በረሃ ካባ ናሙናዎች መካከል አረፈ። አሁን ስስ ቁራጩን ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጌ፣ ከካባው ድንጋይ ጋር የሚመሳሰል የባሕር ዛጎል ስብርባሪ እየፈለግሁ ነው።