አሮጌ የእንጨት ጀልባ አድሶ ውኃ ላይ ማውጣት፦ አውስትራሊያ ውስጥ ለሚኖር ጀማሪ

በአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ ከተሞች በየጓሮውና በየመጋዘኑ ጥግ ተገልብጠው የተቀመጡ ትናንሽ የእንጨት ጀልባዎች አሉ። አያት ሠርቷቸው ወይም ገዝቷቸው፣ አባት ዓሣ አጥምዶባቸው፣ ልጅ የአሉሚኒየም ጀልባ ሲገዛ የተተዉ ናቸው። በርካሽ ይሸጣሉ። አንዳንዴም "ውሰደው ብቻ" ይባላል። እንዲህ ያለ ጀልባ ተሰባብሮ ሲጣል ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹን ጀልባዎች ትዕግሥትና ጥቂት የእጅ መሣሪያ ያለው ሰው ሊያድናቸው ይችላል።

እዚህ የምናወራው ከ3 እስከ 4 ሜትር ስለሚረዝም፣ ክሊንከር ስለሚባል ጀልባ ነው። ጣውላዎቹ ቀጫጭን ናቸው። የላይኛው ጣውላ የታችኛውን ጠርዝ ደርቦ ይይዛል፤ ድርቡ በመዳብ ሚስማር ይጠብቃል። ከውስጥ ደግሞ በእንፋሎት የታጠፉ ቀጫጭን አጥንቶች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ጀልባ አላውቅም። ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል።

1. መጀመሪያ አውሩ፣ ከዚያ ወስፌ አውጡ

ቀጥታ ወደ ዋጋ አትግቡ። የጀልባ ሰው ስለ ጀልባው ማውራት ይወዳል። እዚህ አገር ሽማግሌውም በስሙ ነው የሚጠራው፤ ስለ አየሩ ሁለት ቃል ተባብሎ ወደ ነገሩ መግባት ይቻላል። እንጨቱ ምን እንደሆነ፣ ጀልባው የት ተቀምጦ እንደከረመና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ውኃ ላይ እንደወጣ ጠይቁ። ባለቤቱ ዘርዝሮ ካስረዳችሁ ጥሩ ምልክት ነው። "ቀለም ብቻ ነው የሚፈልገው" ካለ ግን በደንብ ፈትሹ።

ትንሽ ጀልባን ቶሎ የሚያበሰብሰው የባሕር ውኃ ሳይሆን ዝናብ ነው። ጨው መበስበስን ያዘገያል። አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ሜዳ ላይ የከረመ ጀልባ ግን የዝናብ ውኃ ይጠራቀምበታል፣ ቅጠል ይረግፍበታል፣ ብስባሴው ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ውኃ የሚቆምበትን ቦታ ሁሉ እዩ፦ የኋላውን ሰሌዳ ማዕዘኖች፣ ከመቀመጫዎቹ ሥር፣ የአጥንቶቹን ጫፍ፣ ኪል ከሚባለው የመሠረት ግንድ ጋር የሚገናኘውን የመጀመሪያ ጣውላ። ወስፌውን ቀስ አድርጋችሁ ጫኑ። ደህና እንጨት አያስገባም፤ የበሰበሰው ያለ ምንም ትግል ያስገባል። በመዶሻ እጀታ መታ መታ ስታደርጉት ደግሞ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የታመመው ይታፈናል።

ጥቂት የተሰበሩ አጥንቶችና አንድ ሁለት የተሰነጠቁ ጣውላዎች አያስፈሯችሁ። ኪሉ፣ የፊቱ ቋሚ እንጨትና የኋላው ሰሌዳ ሦስቱም ከበሰበሱ ግን አዲስ ጀልባ የመሥራት ያህል ነው። ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም።

ጀልባው በጣም ካረጀ፣ ወይም የታወቀ ሠሪ እጅ ካለበት፣ ምንም ነገር ሳትነቅሉ ታሪኩን አጣሩ። ሲድኒ ዳርሊንግ ሃርበር ያለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም የታሪካዊ ጀልባዎችን መዝገብ ይይዛል። የእናንተን የሚመስል እዚያ ልታገኙ ትችላላችሁ።

2. እንጨቱን እወቁት

ጀልባው ከታዝማኒያ የመጣ ከሆነ ሂዮን ፓይን ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ወደ ወርቃማ ቢጫ ይጠጋል። ትንሽ ፋቅ አድርጋችሁ አሽትቱት፤ ጠንከር ያለ ጥሩ ሽታ አለው። ሽታው ሜታይል ዩጂኖል ከሚባል ዘይት ይመጣል። እንጨቱን ከመበስበስና ከባሕር ትል የሚጠብቀውም ይኸው ዘይት ነው።

ይህ ዛፍ ከታዝማኒያ ውጭ በተፈጥሮው አይበቅልም። ውፍረቱ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ይጨምራል፤ ከ2,000 ዓመት በላይ የኖሩ ዛፎች አሉ። ከ1822 እስከ 1833 በማኳሪ ሃርበር፣ ሳራ ደሴት ላይ የታሰሩ እስረኞች መርከብ ሠርተውበታል። ዛሬ ቆሞ ያለውን መቁረጥ ክልክል ነው። ገበያ ላይ ያለው ከወደቀና ከውኃ ውስጥ ከተለቀመ ግንድ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ከጀልባችሁ የወጣች ቁራጭ ሁሉ ትቀመጥ። ለሌላ ቦታ ጥገና ትሆናለች።

ካውሪ፣ ኪንግ ቢሊ ፓይን፣ ሴለሪ ቶፕ ፓይንም ታገኙ ይሆናል። ዋናው ደንብ አንድ ነው፤ ጣውላ ስትቀይሩ ተመሳሳይ እንጨት፣ ካልተገኘም በጥንካሬው የሚቀራረብ ይሁን። ጠንካራው ከለስላሳው ጋር እኩል አያብጥም፣ እኩል አይኮማተርም።

3. ቅርጹን ያዙ፣ ቀለሙን አንሱ

ጀልባውን ጥላ ሥር አስገቡ። በበጋ ወደ ሜልቦርንና አዴሌድ የሚመጣው የሰሜን ነፋስ ደረቅና ትኩስ ነው፤ እንጨቱን ያደርቅና ስንጥቁን ያሰፋል። ወለሉ አፈር ከሆነ ተመስገን ነው፤ ሲሚንቶ ከሆነ አልፎ አልፎ ውኃ ርጩበት።

ኪሉን ከሥር በብዙ ቦታ ደግፉት። የውስጡን ስፋት ሦስት ቦታ ላይ ለኩና ጻፉ፣ ከጎን ወደ ጎን የሚሻገር እንጨት መትታችሁ ቅርጹን አስሩ። ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ደጋፊ ሳይደረግለት ብዙ ነገር የተነቀለለት ጀልባ ይጣመማል።

ቀለሙ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ1970 በፊት የተቀባ ከሆነ እርሳስ እንዳለበት ቁጠሩት። መመርመሪያው በየሃርድዌር ሱቁ ይሸጣል። እርሳስ ካለበት በደረቁ አትፈግፍጉ፣ በማሽን አቧራ አታንሱ፣ በእሳትም አታቅልጡት። እያረጠባችሁ በእጅ ፋቁ። ፒ2 የሚባለውን ደቃቅ አቧራ የሚያግድ ማስክ አድርጉ፣ ከሥር ላስቲክ አንጥፉ፣ ልጆችና እርጉዝ ሴት አይጠጉ። ፍቅፋቂውን የት መጣል እንደሚቻል ካውንስሉን ጠይቁ።

4. አጥንት መቀየር

ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው። ለእኔ ግን ከሥራው ሁሉ ደስ የሚለው ይህ ነው።

የተሰበሩትን አጥንቶች ባንድ ጊዜ አትንቀሉ። አንዱን አውጥታችሁ ተኩ፣ ቀጥሎ ያለውን ዝለሉ፣ ከዚያ ተመለሱ። ስፖትድ ገም ጥሩ የአጥንት እንጨት ነው። በምድጃ የደረቀውን አትግዙ፤ እርጥበት ያለው በተሻለ ይታጠፋል። የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ይሁን። ልኩን ከአሮጌው አጥንት ውሰዱ።

ከኮምፔርሳቶ ረጅም ጠባብ ሣጥን ሥሩ። በአንድ በኩል ከተጣደ ማሰሮ እንፋሎት ይግባ፤ በሌላው በኩል መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። ሣጥኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት፤ የታፈነ እንፋሎት አደገኛ ነው። ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ ይባላል፤ ስለዚህ 12 ሚሊ ሜትር አጥንት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

አሁን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ወፍራም ጓንት አድርጉ። አጥንቱ ከሣጥኑ ከወጣ በኋላ ያላችሁ ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። አንዱ ጀልባው ውስጥ ሆኖ መሐሉን በእግሩ ይጫን፣ ሁለቱን ጫፎች ወደ ራሱ ይጎትት፣ ሌላው በሞርሳ ይያዝ። ቆም ብሎ ማሰብ የለም። ቢሰበር ሌላ አለ፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ ትርፍ የሚቀቀለው። ሲበርድ ቅርጹን ይዞ ይቀራል።

5. ሚስማሩ

የመዳብ ሚስማር አራት ማዕዘን ነው። አነስ ያለ ቀዳዳ ብሱና ከውጭ ወደ ውስጥ ምቱት። ከውስጥ በወጣው ጫፍ ላይ ትንሽ የመዳብ ሮንዴላ አስገቡና እንጨቱ ላይ እስክትቀመጥ ጫፉ ቀዳዳ በሆነ ብረት ግፏት። ትርፉን ቁረጡ፤ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይቅር። ከዚያ ጓደኛችሁ ከውጭ ከባድ ብረት በሚስማሩ ራስ ላይ ይደግፍ። እናንተ ከውስጥ በትንሽ ክብ ራስ መዶሻ፣ በቀስታ፣ ብዙ ጊዜ ምቱ። በኃይል ከመታችሁ ሚስማሩ እንጨቱ ውስጥ ይታጠፋል።

የላሉ አሮጌ ሚስማሮችም በዚሁ መንገድ ደግፋችሁ ስትመቷቸው ብዙዎቹ ይጠብቃሉ። ይህን ሳትሞክሩ አትንቀሏቸው።

ብሎን ካስፈለገ ሲሊከን ብሮንዝ ግዙ። ብራስ ርካሽ ነው፣ ግን ባሕር ውኃ ውስጥ ዚንኩ ይበላና ቀሪው ይፈረካከሳል። ስቴንለስ ስቲልም አየር በማያገኝ እርጥብ እንጨት ውስጥ ሳይታይ ይበላል። የብረት ሚስማር ከመዳብ አጠገብ አታድርጉ።

6. ስንጥቅና ክፍተት

የጣውላ ስንጥቅ ጠርዙን አጽድታችሁ፣ ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ በኮላ አስገብታችሁ ትዘጋላችሁ። የበሰበሰ ቁራጭ ግን ተቆርጦ ይወጣል። የአዲሱና የአሮጌው ጫፍ በተዳፋት ተጠርቦ፣ ተደራርቦ በኮላ ይያያዛል፤ የውፍረቱና የተዳፋቱ ልክ 1 ለ 8 ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ ተዳፋቱ 80 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሂዮን ፓይን ዘይታም ስለሆነ ኮላ ከመቀባታችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ በአሴቶን ጥረጉት።

አደራ የምለው ነገር አለ። ጣውላዎቹ በሚደራረቡበት ክፍተት ውስጥ ስቱኮ፣ ሲሊከን ወይም ኢፖክሲ አትሙሉ። ክፍተቱ የመጣው እንጨቱ ስለደረቀ ነው። ውኃ ሲያገኝ ያብጥና ራሱ ይዘጋል። በጠንካራ ነገር ከሞላችሁት ግን ያበጠው እንጨት መሄጃ ያጣል፤ ሚስማሩን ይጎትታል፣ አጥንት ይሰብራል። ውጭውን በፋይበርግላስ መሸፈንም እንዲሁ ነው፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። በደግ ሐሳብ እንዲህ "ተጠግነው" ያለቁ ጀልባዎች ብዙ ናቸው።

ሲቸግራችሁ የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም። ታዝማኒያ፣ ሂዮን ወንዝ ዳር፣ ፍራንክሊን መንደር የእንጨት ጀልባ ማዕከል አለ። እዚያው ፍራንክሊን በ1867 የተሠራችው የድሮ የጭነት ሸራ ጀልባ ሜይ ኩዊን አሁንም ሆባርት ወደብ ላይ ተንሳፋ ትታያለች። ከ1994 ጀምሮ የሚካሄደው የአውስትራሊያ የእንጨት ጀልባ ፌስቲቫልም ሆባርት ነው፤ በየሁለት ዓመቱ፣ የካቲት አካባቢ። ሜልቦርን ላላችሁ ኩዊንስክሊፍና ሶሬንቶ ቅርብ ናቸው፤ ኩታ ቦት የሚባሉት የድሮ የዓሣ አስጋሪ ጀልባዎች አሉ። የችግራችሁን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። "እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?" በሉ። ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው።

7. ዘይትና ቀለም

እንጨቱ መጀመሪያ የተልባ ዘይት ከተርፐንታይን ጋር ተቀላቅሎ ይጠጣ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ጊዜ ግሎ እሳት ይነሣበታል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ውጩን ነጭ ወይም ክሬም ቀቡት። ጥቁር ሰማያዊ ያምራል፣ ግን የአውስትራሊያ ፀሐይ ያግለዋል፣ ጣውላውም ይከፈታል። ቫርኒሽ ለጠርዙና ለመቀመጫው ይበቃል። ስድስት እጅ ያህል ቀቡ፣ በየመሐሉ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ በየዓመቱም ጨምሩበት።

8. ውኃ አጠጡት

የጣናን ታንኳ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልብጥ ይሆንበታል። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። ክሊንከር ጀልባ ግን ሲደርቅ ያፈስሳል፣ ሲጠጣ ይዘጋል።

እርጥብ ጆንያ ውስጡ አንጥፉና ለጥቂት ቀን እያረጠባችሁ አቆዩት። ውኃ አትሙሉበት፤ ክብደቱ ይጎዳዋል። ከዚያ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ አስራችሁ ተዉት። መጀመሪያ ያፈስሳል፣ አንዳንዴም በኃይል። አትደንግጡ። አንድ ሁለት ቀን እየቀዳችሁ ጠብቁት። ከዚያ በኋላም በአንድ ቦታ የሚፈስስ ካለ፣ ጥገና የቀረው ቦታ እሱ ነው።

9. በሸራ መውጣት

ለመጀመሪያ ቀን ቀለል ያለ ነፋስ ምረጡ። አጭር ምሰሶና አንድ ሸራ ይበቃል። ወደ ነፋሱ አፍንጫ ቀጥታ መሄድ አይቻልም፤ በግራና በቀኝ እየተጠማዘዙ ነው የሚወጣው። የሸራውን ገመድ እጃችሁ ላይ ያዙት እንጂ አትቋጥሩት። ጀልባው በጣም ካዘነበለ ገመዱን ልቀቁ፤ ነፋሱ ከሸራው ይወጣል፣ ጀልባው ይቀናል። ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ተቀመጡ።

ከመውጣታችሁ በፊት የሜትሮሎጂ ቢሮውን ትንበያ እዩ። ሲድኒ አካባቢ በሞቃት ቀን ሳውዘርሊ በስተር የሚባለው የደቡብ ነፋስ በድንገት ይመጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ባሕሩ ሌላ ይሆናል። ፐርዝ ላይ ደግሞ ፍሪማንትል ዶክተር የሚሉት የከሰዓት ነፋስ ጠንካራ ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ሕግ በየስቴቱ ይለያያል፤ ቪክቶሪያ ውስጥ እስከ 4.8 ሜትር ባለ ጀልባ ላይ በጉዞ ጊዜ መልበስ ግዴታ ነው። እኔ የትም ብሆን እለብሳለሁ። ውኃ መቅጃ ባልዲ በገመድ ታስሮ፣ አንድ ጥንድ መቅዘፊያም አብሮ ይሂድ፤ ነፋስ ሲጠፋ ወደ ቤት የሚመልሳችሁ እሱ ነው።

ስትመለሱ በጀልባው ውስጥ የቀረውን ውኃ አፍስሳችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡ። በላስቲክ ጠቅልላችሁ አታፍኑት፤ አየር ከሥር ይግባ። ለሳምንታት ካልወጣችሁም እርጥቡን ጆንያ አልፎ አልፎ መልሱለት።