ባለ መጭመቂያ ማይታግ ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ኒውተን ከተማ የነበረው የማይታግ ፋብሪካ ባለ መጭመቂያ (ልብሱን በሁለት ሮለሮች መካከል አሳልፎ ውሃውን የሚጨምቅ) የልብስ ማጠቢያ ማሽን እስከ 1983 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲያመርት ቆይቷል። ስለዚህ ማሽኑ ዛሬም በየጋራዡና በየእርሻ ቤቱ አይጠፋም። ብረቱ ወፍራም፣ አሠራሩ ግልጽ ስለሆነ ለጀማሪ ሰብሳቢ ከሁሉም ይመረጣል። ችግሩ፣ ለዓመታት ጥግ ይዞ ሲቆም ያልደረሰበት ጉዳት አዲሱ ባለቤት እጅ በገባበት ቀን መድረሱ ነው።

ገና እንደመጣ ሶኬት ላይ መሰካት

ሻጩ «ይሠራል» ሲል ብዙ ጊዜ «ያጓራል» ማለቱ ነው። እያጓራ የማይዞር ሞተር ማስነሻ ጥቅልሉን (ሲነሳ ብቻ የሚሠራውን የሽቦ ጥቅልል) በሰከንዶች ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። መጀመሪያ ቺንጊያውን አውልቀው ሞተሩን በእጅ ያዙሩት። ከዚያ የካምቢዮውን ፑሊ ለብቻው ያዙሩ። ሁለቱም ሳይነክሱ መዞር አለባቸው። ቀጥሎ ማሽኑ ሳይሰካ ማብሪያውን አብርተው ቴስተር ይያዙና ከእያንዳንዱ የሶኬት እግር እስከ ማሽኑ አካል ይለኩ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካነበበ ኤሌክትሪኩ ወደ አካሉ እየሾለከ ነው፤ አይሰኩት። ጎማ የለበሰው የጥንት ገመድ ደህና ቢመስልም ሲታጠፍ ስለሚሰነጣጠቅ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። አዲሱ ሦስት ሽቦ ያለው ይሁን፤ ሦስተኛው ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ የማሽኑ ብረት ላይ በቡሎን ይታሰር። እርጥብ ወለል ላይ ቆመው የሚነኩት ማሽን ነውና ይህ ለውበት ተብሎ የሚዘለል አይደለም። ሞተሩ ካፓሲተር (ለማስነሳት የሚረዳ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ያለውና ከ1979 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ከሆነ ካፓሲተሩ ውስጥ ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ዘይት ሊኖር ስለሚችል ያበጠውን ወይም የሚያፈሰውን ካፓሲተር አይክፈቱት።

«ትራንስፎርመር ካለ በቂ ነው» ብሎ ወደ አገር ቤት መላክ

ከአሜሪካ ኮንቴይነር የሚልኩ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል እንጂ የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ ከ50 ሄርዝ ወደ 60 አያደርገውም። በ60 ሄርዝ በደቂቃ 1725 ጊዜ የሚዞረው ሞተር በ50 ሄርዝ ወደ 1425 ይወርዳል። ዝግታው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ማስነሻ ጥቅልሉን የሚያቋርጥ ማብሪያ ውስጡ አለ፤ እሱ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ 1350 ዙር አካባቢ ነው። ገንዳው በእርጥብ ልብስ ሲሞላ በ50 ሄርዝ የሚዞር ሞተር እዚያ ፍጥነት ላይ ላይደርስ ይችላል፤ ያኔ ማስነሻው ሳይቋረጥ ይቀርና ይነዳል። በዚያ ላይ የሞተሩ ብረት ራሱ ከልክ በላይ ይግላል።

መፍትሔው ነባሩን ሞተር በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥና እዚያው በተገዛ የ220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ፣ 1425 ዙር ሞተር መተካት ነው። የነባሩ ጉልበት አንድ ሦስተኛ የፈረስ ጉልበት ከሆነ 250 ዋት ይበቃል። የማጠቢያውን ፍጥነት ለመመለስ የሞተሩን ፑሊ በ20 በመቶ ያሳድጉ፤ 5 ሴንቲ ሜትር የነበረው 6 ይሆናል ማለት ነው። ነባሩ ወዴት ይዞር እንደነበረ በቀስት ምልክት ያድርጉ፤ አዲሱ በተቃራኒው ከዞረ የመጭመቂያውም አቅጣጫ ይገለበጣል።

ማገላበጫውን በፓሎ መፈልቀቅ

ገንዳው መካከል የቆመው፣ አጂቴተር የሚባለው ባለ ክንፍ ማገላበጫ ዘንጉ ላይ ከዝገትና ከሳሙና ቅሪት ጋር ተጣብቆ ይገኛል። በፓሎ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተደግፎ መፈልቀቅ ኢናሜሉን ያረግፋል፤ ክንፉንም ይሰብራል። ገንዳውን በሙቅ ውሃ ሞልተው ግማሽ ሰዓት ይተዉት። አፍስሰው ዝገት አላቃቂ ዘይት ከላይ ያንጠባጥቡና ያሳድሩት። በማግስቱ ወፍራም ገመድ ከሥሩ አዙረው፣ በሁለት ወገን እኩል ወደ ላይ ነጠቅ ነጠቅ ያድርጉ። ካልወጣ ይድገሙት። ሦስት ቀን መፍጀቱ ያለ ነው።

አሉሚኒየሙን በበረኪና ወይም በኮስቲክ ሶዳ ማጽዳት

ገንዳው አሉሚኒየም ከሆነ ሁለቱም ይበሉታል፤ ይጠቁርና ይቦረቦራል። ለውሃ ድንጋይ 200 ግራም ሲትሪክ አሲድ በ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው ከግማሽ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ይጠቀሙ፤ ከዚያ በደንብ ያለቅልቁ። ኢናሜል የለበሰውን ገንዳ ደግሞ በአሸዋ አያስፈትጉ፤ ኢናሜል መስታወት ነው፤ ወዙ ከሄደ አይመለስም።

መጭመቂያውን አጥብቆ ማስቀመጥ

ሁለቱ የጎማ ሮለሮች ተጣብቀው ከሰነበቱ የተነካኩበት ቦታ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ሥራ ሲያበቃ የላይኛውን መጫኛ ያላሉ። ጎማውን በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ አይጥረጉት፤ ያብጣል፤ ይልማል። ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል። የደረቀና የተሰነጠቀ ከሆነ የጎማውን ውፍረትና ርዝመት ለክተው የማተሚያ ቤት ሮለር በጎማ የሚያለብሱ ባለሙያዎች ዘንድ ይውሰዱት።

ከሁሉ በፊት ግን የአደጋ ማላቀቂያውን ይፈትሹ። የታጠፈ ፎጣ እየገባ ሳለ መምቻውን በመዳፍ ሲመቱት ሁለቱ ሮለሮች ወዲያው መላቀቅ አለባቸው። ቢዘገይ ወይም ሁለተኛ ምት ቢፈልግ ማሽኑ ለልብስ አልደረሰም። ጣት፣ ያልታሰረ ፀጉር፣ የነጠላ ጫፍ፣ ሁሉንም እኩል ይስባል።

ዘይት ማብዛት

ለሞተሩ ኩሽኔታ ማጽጃ ያልተቀላቀለበት 20 ቁጥር የሞተር ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል። ትርፉ ወደ ውስጥ ሄዶ ማስነሻ ማብሪያውን ያቆሽሻል። ማሽኑን በጎኑ አስተኝቶ መጫንም የካምቢዮውን ዘይት ያፈሳል፤ ቆሞ ይጓዝ። ሲያነሱትም መጭመቂያውን አይያዙ።

የቤንዚን ሞተሩን ቤት ውስጥ ማስነሳት

መብራት ላልደረሰባቸው እርሻዎች የተሠሩት ማይታጎች በፔዳል የሚነሳ ባለ ሁለት ምት ሞተር አላቸው። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ተጣጣፊ የብረት ቱቦም ነበራቸው፤ ዛሬ ግን ቱቦው ብዙ ጊዜ ተበስቶ ወይም ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ጭሱ ውስጥ ያለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፤ በር መክፈትም አያድንም። ደጅ ላይ ብቻ ያስነሱት። ቤንዚኑ ዘይት ካልተቀላቀለበት ደግሞ ሞተሩ ደርቆ ይነክሳል።