አርማታ ውሃ የሚጠማው ከተሞላ በኋላ ነው

በጎጃም ቤት የሚሠራው በበጋ ነው። የጥርና የየካቲት ፀሐይና ነፋስ ለሠራተኛ ቢመችም አርማታን ያለ ጊዜው ስለሚያደርቅ፣ ቤት የሚያሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ሊቆጣጠር የሚገባው ውሃን ነው፦ ሲቦካ መቆጠብ፣ ከተሞላ በኋላ ደግሞ አለመሰሰት።

ደፍ አብራምስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1918 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የአርማታን ጥንካሬ በዋናነት የሚወስነው ውሃው ከሲሚንቶው ጋር ያለው ምጣኔ ነው። የተረፈው ውሃ ተንኖ ሲወጣ በውስጡ ቀጫጭን ቀዳዳዎችን ይተዋል፤ ኋላም እርጥበትና አየር የሚገቡት በእነዚያው ነው። ስለዚህ ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ከ25 ሊትር በላይ እንዳይጨመር በባልዲ እየለኩ ያስጨምሩ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚህም ይቀንሱ። ድብልቁ እንደ እንጀራ ሊጥ ከቀጠነ ለማፍሰስ ይቀላል እንጂ አይበረታም። ወፈር ያለውን አርማታ በቫይብሬተር (በሚያንቀጠቅጥ ማሽን)፣ ከሌለም በፌሮ (በአርማታ ብረት) ዘንግ ደጋግሞ በመውጋት ማጠቅጠቅ ይገባል።

በመራዊና በዳንግላ አካባቢ ቀይ አፈር ስለሚበዛ አሸዋውን ሳይፈትኑ አይቀበሉ። ውስጡን የሚያሳይ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ ይሙሉ፣ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምረው በደንብ ይናጡትና ለጥቂት ሰዓታት ያስቀምጡት። አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በላዩ የረጋው ደለል ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው መታጠብ አለበት።

ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ በረንዳ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አይቻለሁ። በስንጥቁ የሚታየው ፌሮ ዝጎ እንደ ቅርፊት ይላጣል፤ ከውጭ የሸፈነው አርማታ ከጣት ውፍረት አይበልጥም ነበር። ሲሚንቶ ብረትን ከዝገት የሚጠብቅ የአልካሊ ባሕርይ አለው፤ ሆኖም ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን ባሕርይ ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። ብረት ሲዝግ ደግሞ መጠኑ ስለሚጨምር አርማታውን ከውስጥ ይገፋዋል። ውድ ፌሮ ገዝቶ ፌሮውን ከቅርጹ ለሚያርቀው ስፔሰር መሰሰት በእውነት ያሳዝነኛል። ለዝናብ በተጋለጠ ኮለን ላይ ፌሮው ከካሳ ፎርማው (አርማታው ከሚሞላበት ቅርጽ) ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ከመሞላቱ በፊት በሜትር ለክተው ያረጋግጡ።

አርማታው እንደጠነከረ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ቢያንስ 7 ቀን፣ ፖዞላና ያለበት ሲሚንቶ ደግሞ 14 ቀን ሳይደርቅ ይቆይ። ፖዞላናው የእሳተ ገሞራ አመድ ወይም መሰል ማዕድን ሲሆን፣ ሲሚንቶው ከሚያወጣው ኖራ ጋር ቀስ ብሎ እየተዋሐደ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ያለ እርጥበት ግን ሥራው ይቋረጣል። በስዊዘርላንድ ካረን ስክሪቨነርና ባልደረቦቿ ያጠኑት፣ የተቃጠለ ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ የሚጨመርበት ሲሚንቶም የቆመው በዚሁ መሰል ውሕደት ላይ ነው። ጠዋትና ማታ ማጠጣት ብቻ አይበቃም፤ ቀን በስድስት ሰዓት ጆንያውን ገለጥ አድርገው ይዩ፣ ገጹ ነጣ ካለ ወዲያው ያርሱት።