አዲስ የገዙትን ሸክላ ሲያዳምጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ወር አራት ሸክላ ገዝቼ ቤት ገባሁ፦ የፌርፖርት ኮንቬንሽን ‹ሊጅ ኤንድ ሊፍ›፣ የኪንግ ክሪምሰን ‹ኢን ዘ ኮርት ኦቭ ዘ ክሪምሰን ኪንግ›፣ የጄነሲስ ‹ሴሊንግ ኢንግላንድ ባይ ዘ ፓውንድ› እና የኒክ ድሬክ ‹ፒንክ ሙን›። አራቱም የእንግሊዝ ሥራዎች ናቸው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1969 እስከ 1973 ባለው ጊዜ የወጡ። ሁለቱ ወደ ፎክ፣ ማለትም ወደ ባህላዊ የሕዝብ ዘፈን የሚጠጉ፣ ሁለቱ ፕሮግረሲቭ ሮክ ከሚባለው፣ ረጃጅምና ውስብስብ ዘፈን ከሚበዛበት የሮክ ወገን። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ አራቱም ለጓደኞቼ የተናገርኩትን፣ ወሩ ሳያልቅ አንድ በአንድ መልሼ ማረም ነበረብኝ። ያሳሳቱኝ ነገሮች ሌላውንም ያሳስታሉ ብዬ ስለማምን እነሆ።

አንዴ ሰምቶ መፍረድ

‹ሊጅ ኤንድ ሊፍ›ን የሰማሁት ከሥራ እንደገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነበር። ቫዮሊኑ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፣ ዘፈኖቹ ረዘሙብኝ። ‹‹ይሄ ነው ያን ያህል የተወራለት?›› ብዬ ወደ ሽፋኑ መለስኩት። በሳምንቱ ግጥሙን ከፊቴ አድርጌ ቁጭ ብዬ ስሰማው ግን ሌላ አልበም ሆኖ አገኘሁት።

ግጥሙን መተው

የአማርኛ ዘፈን ስንሰማ ስንኙን ሳናጣጥም አናልፍም። ፈረንጅኛ ሲሆን ዜማውን ይዘን ቃሉን እንለቃለን። ፎክ ሮክን እንዲህ መስማት ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ብዙዎቹ ዘፈኖች ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩ ታሪኮች ናቸውና። ከ‹ሊጅ ኤንድ ሊፍ› ዘፈኖች ‹ማቲ ግሮቭስ›ን ይውሰዱ። የሎርድ ዶናልድ ሚስት በበዓል ቀን ወንጌል ልትሰማ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች፤ እዚያ ማቲ የሚባለውን ወጣት አይታ ባሌ የለም፣ ቤት እንሂድ ትለዋለች። አሽከሩ ሮጦ ለጌታው ይናገራል። ባልየው ሁለቱን ተኝተው ያገኛቸዋል፤ ራቁቱን ሰው ገደለ እንዳይባል ተነሥ ይለዋል፣ ካሉት ሁለት ሰይፎች የተሻለውንም ለማቲ ይሰጠዋል። ማቲ ይሞታል። ሚስትየው ከአንተ ይልቅ የሟቹን ከንፈር ብስም ይሻለኛል ስትለው እሷንም ይገድላታል።

የቡድኑ ዘፋኝ ሳንዲ ዴኒ ይህን ሁሉ ስትዘፍን አታለቅስም፣ አትጮህም፤ ዳኛ ፊት እንደቆመ ምስክር ያየችውን ትናገራለች። ቃሉ ሲያልቅ የሪቻርድ ቶምፕሰን ጊታርና የዴቭ ስዋርብሪክ ቫዮሊን እየተቀባበሉ ይጋልባሉ። በመጀመሪያው ቀን ይህን ክፍል የዘፈን ማራዘሚያ መስሎኝ ነበር። ታሪኩን ካወቅኩ በኋላ ሁለት ሬሳ ካለበት ክፍል ወጥቶ የሚሮጥ ሰው ይታየኛል። ቡድኑም ያንኑ ዓመት፣ በሜይ 1969፣ በመኪና አደጋ ከበሮ መቺውን ማርቲን ላምብልን አጥቷል፤ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ለአልበሙ የተዘጋጁት ከአደጋው በኋላ በሃምፕሻየር ገጠር አንድ ቤት ውስጥ አብረው እየኖሩ ነው።

መርፌውን አንሥቶ መዝለል

የኪንግ ክሪምሰን ‹ሙንቻይልድ› 12 ደቂቃ ይረዝማል። ዘፈኑ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ያልቃል፤ ቀሪው ጊታር፣ ቫይብራፎን (በዱላ የሚመታ የብረት መሣሪያ) እና ከበሮ በሹክሹክታ የሚነጋገሩበት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ መርፌውን ያነሣል፤ እኔም አንሥቼ ነበር። ታግሦ የቆየ ሰው ግን የመጨረሻው ዘፈን ከነሜሎትሮኑ፣ በቴፕ የተቀዳ የመሣሪያ ድምፅ ከሚያወጣው ኪቦርድ ጋር፣ ሲገባ ደረቱ ላይ ይሰማዋል። ያ ኃይል የተገኘው ከፊቱ ካለው ጸጥታ ነው።

ሪሚክስን ከሪማስተር መደባለቅ

ሪማስተር ያለቀለትን የድሮ ቅጂ ድምፁን ማጥራት ነው። ሪሚክስ ግን ለየብቻ የተቀዱትን መሣሪያዎች እንደገና ማዋሃድ ነው። ይኸው ‹ሙንቻይልድ› ሙዚቀኛው ስቲቨን ዊልሰንና የቡድኑ ጊታር ተጫዋች ሮበርት ፍሪፕ በ2009 በሠሩት ሪሚክስ ሦስት ደቂቃ ያህል ተቆርጦለታል፤ ስለዚህ እሱን ሰምቶ ስለ 1969ኙ አልበም መናገር አይቻልም። ሪሚክሱ ጥርት ያለ ነው፣ እወደዋለሁ። ቢሆንም መጀመሪያ የቀድሞውን መስማት ይሻላል እላለሁ።

የመርፌን ጥፋት በሙዚቃው ማሳበብ

የጄነሲስ አልበም ከ53 ደቂቃ በላይ ነው፤ ሁለተኛው ፊት ብቻውን 28 ደቂቃ ያልፋል። በአንድ ፊት ላይ ይህን ያህል ሲጫን መርፌው የሚሄድባቸው መስመሮች ይጠባበቃሉ፣ ድምፁም ዝቅ ይላል። ድምፁን ከፍ ሲያደርጉ አቧራው አብሮ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ‹ዘ ሲኒማ ሾው› ያለው ወደ ሸክላው መሐል ተጠግቶ ነው፤ መርፌው እዚያ ሲደርስ በአንድ ሴኮንድ የሚሄደው ርቀት ስለሚያጥር ድምፁ በቀላሉ ይሻክራል። ዘፈኑ በባለ 12 ክር ጊታር ቀስ ብሎ ሲጀምር የሰማሁት ፈንዲሻ ሲፈነዳ ነበር። ሸክላው ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው አሸግኩት። ማታ የእጅ ባትሪ ይዤ ጎንበስ ብዬ ሳይ መርፌው ጫፍ ላይ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል። ብናኙን በትንሽ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጠረግኩት፣ ሸክላውንም አጸዳሁ፤ ጊታሮቹ አንድ በአንድ ተለይተው ተሰሙኝ።

በየቤታችን ያሉት የድሮ የአማርኛ ሸክላዎች አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከሩ ናቸው። ከእነሱ በኋላ አልበም ሲያስቀምጡ ፍጥነቱን ወደ 33 መመለስ አይርሱ።

‹‹መጀመሪያ የታተመ›› የሚለውን ቃል አምኖ መክፈል

የመጀመሪያ እትም ብርቅ ነው እንጂ ሁልጊዜ ጥሩ ድምፅ አለው ማለት አይደለም። አንድ ሻጭ ንጹሕ ነው ያለኝ ሸክላ ከዳር እስከ መሐል ተጭሮ መጥቷል። ከመክፈልዎ በፊት ከጎን በሚመጣ ብርሃን ሥር አዘንብለው ይዩት።

ሌላ ነገር እየሠሩ መስማት

‹ፒንክ ሙን› 28 ደቂቃ ብቻ ነው። ኒክ ድሬክ ከድምፅ ቀጂው ከጆን ዉድ ጋር በኦክቶበር 1971 በሁለት ሌሊት ጨርሶታል። ያለው ድምፅና ጊታር ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሦስት ጊዜ አጫውቼው ባዶ ነው ብዬ ነበር። በአራተኛው መብራቱን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ዘፈን መሐል ላይ ጥቂት የፒያኖ ድምፆች ጠብ ጠብ አሉ። በአልበሙ ውስጥ ፒያኖ ያለው እዚያ ቦታ ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ አምልጦኝ ነበር።